የኋላውን ጎማ ራሴ ልፍታው? ከኮምቦልቻ የተነሳ አንድ ጥያቄና 33 መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነበር። ሞተሬ ሆንዳ ትራንስአልፕ 650 ነው፤ ለረጅም መንገድ የተሠራ። የኋላ ጎማው መሃል ለመሃል ጥርሱ አልቋል። ዳር ዳሩ ገና ነው፣ መሃሉ ግን እንደ መዳፍ ለስልሷል። አዲሱን ከመርካቶ በሰው አስገዝቼ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣልኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ ራሴ ልፍታው ወይስ ጎሚስታ ጋ ልውሰደው?

የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ሳስቀይር ቸርኬው (ላስቲኩ የሚገጠምበት ክብ ብረት) ተቧጨረ፣ የውስጥ ጎማውም በብረት ተቆነጠጠ። ያን ቀን አላወቅኩም። በሦስተኛው ቀን ሐረጎ ላይ ተነፈሰብኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ጎማ አየር ሲያጣ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከኋላዬ የጫነ መኪና ነበር። ሹፌሩ ቀድሞ ስላየኝ ነው የተረፍኩት።

መልሱ 33 ደረሰ። አሁንም ሰው በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ፣ የተባለውንና የሆነውን አንድ ላይ ልጻፈው።

1ኛው መላሽ የደሴ ልጅ ነው። አብሽር ብሎ ጀመረ። ጎሚስታ ጋ ብወስደው ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ እንደሚያልቅ፣ ራሴን እንዳላደክም መከረኝ። 2ኛው ደግሞ ጭራሽ መፍታት እንደማያስፈልግ ጻፈ። ጎማውን በአንድ በኩል ገልብጦ፣ የውስጡን ስቦ አውጥቶ መለጠፍ ይበቃል አለ። 3ኛው ተቆጣ፤ ሰውዬው ልጥፍ አልጠየቀም፣ ጥያቄውን አንብብ አለው።

ይህን ያስታረቀው 4ኛው ነው። የእኛ ቋንቋ ጎማ ሲል ሁለት ነገር እንደሚል አስታወሰን። ቸርኬው ከነላስቲኩ ጎማ ነው፣ ላስቲኩ ብቻውንም ጎማ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። አንዱ ጎማውን ከሞተሩ ማውረድ ነው። ሌላው ላስቲኩን ከቸርኬው ማውለቅ ነው። የመጀመሪያውን ቤት ሠርቶ፣ የወረደውን ጎማ ብቻ ተሸክሞ ጎሚስታ ጋ መሄድ ይቻላል። ሞተሩን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፣ ላስቲክ የሚያውቀው ጎሚስታው ነው አለ። ለእኔ ዋናው መልስ ይኼ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እሱን እንዴት እንደምሠራው ነው።

5ኛው ቦክሰር የሚባለውን ቀለል ያለ ሞተር የሚነዳ ነው፤ ቃሉም ሻካራ ነበር። እሱ በሁለት ቁልፍ መንገድ ዳር 20 ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ እንደሚሠራ፣ ትልቅ ሞተር የገዛ ሰው ሁሉ ወሬ እንደሚወድ ጻፈ። 6ኛው በትህትና መለሰለት። ቦክሰር መሃል ማቆሚያ አለው፣ ክብደቱም ከዚህኛው ብዙ ያንሳል፣ የኋላ ፍሬኑም ባለ ዲስክ አይደለም። የእኔው ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል፣ መሃል ማቆሚያም የለውም። ስለዚህ ንጽጽሩ ልክ አይደለም አለ። 5ኛው ዝም አለ፤ ኋላ ግን ይመለሳል።

7ኛው ረዥም ነው። የጻፉት የመሥሪያ ቤት ሞተሮችን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው። ቅደም ተከተሉን አንድ በአንድ ዘረዘሩት፤ እኔም አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ትልቁ የፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ዳዶ የሚላላው ሞተሩ ገና መሬት ላይ እንደቆመ ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ከዳዶው ጋር የሚታገል ሰው ሞተሩን ይጥለዋል። ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግድ ሽቦ) ካለው ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ የካቴናው መወጠሪያ በግራም በቀኝም እኩል ይላላል። ስንት ዙር እንደተፈታ ይጻፋል፤ ሲመለስ ጎማው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚያ ነው። የፊት ፍሬኑ መያዣ በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሞተሩ እንዳይንከባለል። ከዚያ ይነሳል። ፔርኖው በላስቲክ መዶሻ መታ መታ እየተደረገ ይወጣል። ጎማው በእግር ጫፍ ይደገፋል፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ካቴናው ከሚይዘው ጥርሳም ብረት ላይ ይወርዳል። ከዚያ ጎማው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል።

የፍሬኑ ካሊፐር (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ክፍል) በቱቦው አይንጠለጠልም፤ በሽቦ ይታሰራል። ዲስኩ በሌለበት ደግሞ የኋላ ፍሬን አይረገጥም፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ይወጣና የፍሬን ሸራዎቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ። በጎማውና በሹካው (ጎማውን ከሁለት ወገን በያዘው ክንድ) መካከል ግራና ቀኝ የሚገቡ አጫጭር የብረት ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ረዘም ይላል። የትኛው በየት በኩል እንደነበረ ካርቶን ላይ እየጻፉ መደርደር ነው። የካቴናው ጥርስ የተቀመጠበት ክፍልም ከጎማው ተላቆ ሊወድቅ ይችላል፤ ውስጡ ያሉት ላስቲኮች ከተሰነጣጠቁ የሚቀየሩት ያኔ ነው።

8ኛው ሞተሩን በምን እንደሚያነሱት ጠየቀ። 9ኛው ድንጋይ አለ። እዚህ ላይ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ጋለ። 10ኛው ድንጋይ ያለውን ሰው ክፉኛ ወረፈው። ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ሰው እጁን ከሥር አስገብቶ ሳለ ሞተር ቢወርድ ማን ሊጠየቅ ነው አለ። ቃሉ ከሚገባው በላይ የከረረ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ጋሼ በ11ኛው ተመልሰው መጡና የመኪና ክሪክ ከነእንጨቱ፣ ከሞተሩ ሥር ካለው ጠንካራ ፍሬም ላይ እንጂ ከፕላስቲኩ መከላከያ ላይ እንዳይሆን፣ ሌላ ሰውም ፊቱን ይዞ እንዲቆም አዘዙ። እኔም እንዲሁ አደረግኩ። የያዘልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ከመፍታቴ በፊት ግን ሌላ ነገር መጣ። 12ኛው መላሽ የአዲሱን ጎማ ፎቶ አይቶ፣ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እንዳነብለት ጠየቀኝ። ወጥቼ በባትሪ አየሁት። 4216 ይላል። 13ኛው ወዲያው እንኳን ደስ አለህ አለኝ፤ የ2016 ምርት ነው፣ ገና ትኩስ ነው ብሎ። ሻጩም ያለኝ ይህንኑ ነበር። የ2016 ነው፣ ያለፈው ዓመት ነው ብሎኛል። እኔም እንደ እኛ አቆጣጠር ሰምቼ ደስ ብሎኝ ገዛሁ።

14ኛው ይህን አፈረሰው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱ ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፤ አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። 4216 ማለት የ2016 42ኛ ሳምንት ነው። በእኛ ጥቅምት 2009 መሆኑ ነው። ያኔ ጎማው ከተሠራ 8 ዓመት አልፎት ነበር። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጥርሱ አይነካም፣ ላስቲኩ ግን ይደርቃል። 15ኛው በጎማው ጥርሶች መካከል በጥፍር ጫን ብዬ ቀጫጭን ስንጥቅ እንዳለ እንዳይ ነገረኝ። ነበረ። ጎማውን ጎንበስ አድርጌ ስጫነው ስንጥቁ አፉን ከፈተ።

ብዙ የጎማ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ ጎማ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም እንዲወገድ ይመክራሉ። እኔ ግን ገና ሳልነዳበት ያረጀ ጎማ በአዲስ ዋጋ ነው የገዛሁት። በጣም ተናድጄ ነበር። ሻጩ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ሐረጎን በዚያ ጎማ የምወርደው እኔ ነኝ። ደወልኩ። መጀመሪያ ተከራከረኝ። ቁጥሩንና ስንጥቁን ፎቶ አንስቼ ስልክለት ለወጠልኝ፤ የመላኪያውን ግን በሁለቱም በኩል የከፈልኩት እኔ ነኝ። የተለወጠው 1124 ይላል። 11ኛ ሳምንት፣ 2024፤ በእኛ መጋቢት 2016። አሁን በእውነት የ2016 ሆነ።

ጎማው እስኪመጣ ወደ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ መሃል ክሩ መንገዱን ሳተ። 16ኛው ደሴ ላይ የተነፋ ጎማ ኮምቦልቻ ሲወርድ በሙቀቱ እንደሚፈነዳ፣ ስለዚህ ሐረጎ አናት ላይ አየር መቀነስ ግድ እንደሆነ ጻፈ። 17ኛው የፊዚክስ መምህር ነው። ሒሳቡን ሠራው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ወደ ታች ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ጌጁ በ1 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ዝቅ ብሎ ያነባል። ኮምቦልቻ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ደግሞ 36 ፒኤስአይ የያዘ ጎማ 1 ተኩል ገደማ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ የሚቀረው ግማሽ ፒኤስአይ ነው። ማንም አየር መቀነስ የለበትም፤ ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ እያለ መለካት ብቻ ነው አለ። ሒሳቡን ሳየው ደስ አለኝ። ይህን ያህል ዘመን በዚህ መንገድ ተመላልሼ አስቤው አላውቅም።

16ኛው ግን አልወደደውም። በ18ኛው ተመልሶ መምህር መንገድ አያውቅም አለ። ይህ አላስፈላጊ ነበር። 19ኛዋ ሁለቱንም ወላሂ ተዉ ብላ ገሰጸቻቸው። 20ኛው ከባቲ የጻፈ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከሚሌ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ስለሚወጡት የጅቡቲ ጭነቶች አወራ፣ ስለ ሰኞው የባቲ ገበያ አወራ፣ ፍየል ስንት እንደገባ አወራ። ቆይቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ቁልቁለት ላይ ጎማ የሚያፈነዳው ከፍታ ሳይሆን ሳያቋርጡ ፍሬን መያዝ ነው አለ። ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ጉልበት የሚወርድ ሰው ጎማውም ዲስኩም እንደማይግልበት ጻፈ። ፍየሉን ብንተወው እንኳ ክሩን ለማንበብ ይህ ምክር ብቻውን ይበቃል።

21ኛው ሲመጣ ሁሉም ረጋ አለ። ጎሚስታ ነው፤ እዚሁ ኮምቦልቻ የሚሠራ። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል። ጎሚስታ ቸርኬ ይቧጭራል መባሉ እንዳሳዘነው፣ የሚቧጭር እንዳለ ግን እንደማይክድ ጻፈ። አብዛኛው ሥራው የጭነት መኪና ነው። ጎማውን ብቻ ይዤ ከመጣሁ፣ ዓርብ ከሥራ በኋላ፣ ሳይቸኩል እንደሚሠራው፣ ቆሜም ማየት እንደምችል ነገረኝ። 22ኛው ራሱ 5ኛው ነበር፣ የቦክሰሩ ልጅ። ጎሚስታውን እንደሚያውቀው፣ እጁ ንጹሕ እንደሆነ መሰከረለት። ለእኔም ይቅርታ ጨመረ።

ሐሙስ ማታ ጎማውን አወረድኩ፣ ዓርብ ወሰድኩት። የእሱን እጅ ላሳያችሁ። የጎማ ማውለቂያ ብረቶቹ ከአሮጌ ባሌስትራ የተሠሩ ናቸው። አፋቸው በአሸዋ ወረቀት ተልጎ እንደ ማንኪያ ጀርባ ለስልሷል። ቸርኬው ላይ ብረት የሚያርፍበትን ቦታ በተቀደደ የውስጥ ጎማ ሸፈነው። የላስቲኩን ከንፈር፣ ቸርኬው ውስጥ የሚቀመጠውን ጠርዝ፣ ሳሙና ውሃ ቀባው። ከዚያ ያደረገውን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ብረቱን ከመጫኑ በፊት በተቃራኒው በኩል በጉልበቱ ተጭኖ፣ ከንፈሩን ወደ ቸርኬው መሃል፣ ጎድጎድ ወዳለው ቦታ አስገባው። ያኔ በዚህ በኩል ላስቲኩ ላላ። ብረቱ ያለ ምንም ትግል ገባ። ሰው ኃይል የሚጨርሰው፣ ቸርኬ የሚቧጨረው፣ የውስጥ ጎማ የሚቆነጠጠው ከንፈሩ ከዚያ ጎድጓዳ ሳይገባ ሲታገሉት ነው።

አዲሱን የውስጥ ጎማ ጥቂት አየር ሰጥቶ ክብ አደረገው፣ የታልክ ዱቄት ነሰነሰበት። ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ሁለቴ አየ። መግጠሙን ከቫልቩ ትይዩ ጀመረና መጨረሻውን ቫልቩ ጋ አደረገው፤ ከዚያ በፊት ቫልቩን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገለት። አየር ሲሞላ ላስቲኩ አንዴ ጧ፣ ቆይቶ ደግሞ ጧ አለ። ሁለቱም ከንፈር ተቀመጠ ማለት ነው። ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ላስቲኩ ላይ ያለውን ቀጭን መስመር ዙሪያውን በጣቱ ተከትሎ፣ እኩል መሆኑን አይቶ ነው የሰጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ገጠምኩት። 23ኛው መልስ የራሴ ነው። ጎማው ገብቷል፣ ግን በእጅ ሲሽከረከር ይከብዳል፣ ከፍሬኑ በኩልም ሸር የሚል ድምፅ አለ ብዬ ከፎቶ ጋር ለጠፍኩ። 24ኛው ኩሽኔታው ሞቷል አለ። 25ኛው ካቴናው ጠብቋል አለ። 26ኛው አዲስ ሸራ እንድገዛ አዘዘኝ። 27ኛዋ ከሐይቅ ከተማ የጻፈች ልጅ ናት፤ ራሷም ሞተር ትነዳለች። ከሁሉም የተሻለ ያየችው እሷ ናት። ፎቶውን አጉልታ፣ በግራ በኩል ያለው ክፍተት ከቀኙ እንደሚሰፋ፣ ሁለቱ የብረት ቱቦዎች ቦታ እንደተለዋወጡ ነገረችኝ። የጋሼን 7ኛ መልስ ስለ ካርቶኑ የተጻፈበትን ቦታ እንዳነብ ላከችኝ።

ትክክል ነበረች። ጎማውን ዓርብ ስሸከም አንዱ ቱቦ ወድቆ ነበር። አንስቼ ስመልሰው የትኛው እንደሆነ አላየሁም። ፈታሁት፣ አጣርቼ ግራሶ ቀብቼ በየቦታቸው አስገባሁ። ጎማው በአንድ ጣት ግፊት ሦስት ዙር ዞረ። ድምፁ ጠፋ። እንዲያ ሆኖ ነድቼው ቢሆን ዲስኩ ሲፋተግ ይግል ነበር፣ ካቴናውም ከመስመሩ ወጥቶ ጥርሱን ይበላ ነበር።

28ኛው መልስ የባቲው ሹፌር ነው፤ ይህኛው ግን ፍየል የለበትም። አንድ ጊዜ ረዳቱ የፍሬን ሸራ ቀይሮ፣ ፔዳሉን ሳይረግጥ መኪናውን እንዳስነሳ ጻፈ። ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። እግር እስከ ወለሉ ይወርዳል። የዳኑት በእጅ ፍሬን ነው። ጎማ ለማስገባት ሸራዎቹን ገፋ ካደረግህ፣ ከመንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ፤ ከቤት በር ሳትወጣ፤ ቁልቁለት ላይ አይደለም አለኝ። ኮርቻው ላይ ሆኜ ነበር ያነበብኩት። እግሬን ሰደድኩ፣ ፔዳሉ ባዶ ወረደ። ሁለተኛውም ለስላሳ ነበር። አራተኛው ላይ ነው የጠነከረው። ይህን መልስ ባላነብ ኖሮ የመጀመሪያው ባዶ እርግጫ የሚያገኘኝ ሰው ከሚበዛበት መንገድ ላይ ነበር። ለሰውዬው በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። ዱዓ አድርግልኝ ብቻ ነው ያለኝ።

29ኛው እና 30ኛው ደሴ ይበርዳል ኮምቦልቻ ይሞቃል የሚል የቆየ ጭቅጭቃቸውን አነሱ። 31ኛው የካቴናውን ልክ ጠየቀ። ጋሼ በ32ኛው መለሱለት፤ ልኩ በየሞተሩ ስለሚለያይ ከመመሪያው ወይም ከሹካው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እንዲያነብ፣ ጎማውን እያዞረ ካቴናው በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ እንዲለካ። ለእኔ ደግሞ ዳዶውን በመመሪያው ልክ ካጠበቅኩ በኋላ፣ በዳዶውና በሹካው ላይ በቀለም አንድ ቀጭን መስመር እንዳሰምር፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ መስመሩ ቀጥ ማለቱን እንዳይ ነገሩኝ።

እሑድ ጠዋት ወደ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎ አናት ላይ ጉም ነበር። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ስለሚያንሸራትት በቀስታ ነው የሄድኩት፣ መጠምዘዣው ላይም ብዙ አላጋደልኩም። ሸዋ በር ደርሼ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ወረድኩ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቆሜ እጄን ወደ ዲስኩ አስጠጋሁ፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ተንበርክኬ ዳዶውን አየሁ። ነጩ መስመር እንዳሰመርኩት ቀጥ ብሎ ነበር። ፎቶ አንስቼ 33ኛው መልስ አድርጌ ለጠፍኩት።